ጉም ከማንጎው ሥር የቆፈረው

ልብስ ሰፊዋ ወይንሸት አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ካቃታት አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሻይ ትቀዳለች፣ ግማሹን ሳትጠጣ ትነሣለች። ምስር ለመልቀም ሰፌድ ታወጣለች፣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች አንገቷን ወደ በሩ ታሰግጋለች። ከሸዋሮቢት ቤቷ እስከ ደሴ አውራ ጎዳና ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ጆሮዋም ሁልጊዜ እዚያ ነው። የከባድ መኪና ድምፅ እስከተሰማ ድረስ አገር ደኅና ነው። ድምፁ የጠፋ እንደሆነ ግን ሾፌሮቹ ምሳ ላይ ይሁኑ፣ አለዚያም በካራቆሬ በኩል መንገድ ተዘግቶ ይሁን ሳታጣራ አታርፍም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ትሰካና በሩ ድረስ ትሄዳለች፤ ግራ ቀኙን አይታ ትመለሳለች።

እንዲህ አልነበረችም። የዛሬን አያድርገውና፣ አውቶቡሶች ለምሳ ሸዋሮቢት ላይ ሲቆሙና ተሳፋሪው ፓፓያና ማንጎ በመስኮት ሲገዛ በነበረበት ጊዜ፣ የወይንሸት በረንዳ የሰፈሩ ሰዓት ነበር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲጀምር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ድምፁ ሲያርፍ ምሳ ይቀርባል። መኪናዋን ባለቤቷ ካሳሁን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአውቶቡስ ረዳት ሳለ ከአዲስ አበባ ጣራ ላይ አስሮ ያመጣላት ነበረች። ጥቁር ናት፤ አንገቷ ላይ በወርቅ ቀለም የተሣለ ሐረግ አለባት። ካሳሁን ሲሞት ቤቱን ያቆመችው ይህችው መኪና ናት። ልጃቸውን ሊያን ያስተማረችውም፣ የዳረችውም እሷው ናት።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ እየቀረበ መጣ። ያን ጊዜ የሸዋሮቢት ሰው ሁለት ነገር አደረገ፤ የሚሸከመውን ተሸከመ፣ የማይሸከመውን ቀበረ። አንዱ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቀበረ። ሌላው የቤቱን ካርታ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ ቀበረ። አንዲት ሴት ብረት ድስቷን ከነወጡ ቀብራ ኖሮ፣ ተመልሳ ስትከፍተው ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ስቆባታል። ወይንሸት ደግሞ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የመኪናዋን ራስ ከብረት እግሩ ላይ ፈታች። ዘይት ባጠጣችው የካሳሁን ካፖርት ገበር ጠቀለለችው፤ በላዩም ሰማያዊ ላስቲክ ሦስት ጊዜ ደረበችበት። ከማንጎው ሥር አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቆፍራ አስተኛችው። አፈሩን መልሳ፣ ደረቅ ቅጠል በትና፣ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች።

ጥር ላይ ስትመለስ ቤቱ ተራቁቶ ጠበቃት። የመኪናዋ የብረት እግር ብቻ፣ ራስ የሌለው ሆኖ፣ በረንዳው ላይ ቆሟል። ጎረቤቷ እትዬ አበበች፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መጡ። እግሩን አይተው ደረታቸውን መቱና መኪናሽንም ወሰዷት ወይ ብለው ጠየቋት። ወይንሸት አዎ አለች።

አዎ ያለችው ፈርታ ነው። መኪናዋ አለች ከተባለ፣ ደግሞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቆፍረው የእሷን ግቢ ነዋ። ነገሩ እስኪረጋ ብላ ነበር። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። አንድ ቀን አጣዬ ላይ ተኩስ ተሰማ ይባላል፤ ሌላ ቀን አውቶቡስ ከመንገድ ተመለሰ ይባላል። ነገሩ ሳይረጋ፣ መኪናዋም ሳትወጣ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ውሸቱ ራሱ ሥር ሰደደ። እድሩ የስፌት መኪና ሊገዛላት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ፣ ሦስቱንም ጊዜ ለባሰበት ስጡልኝ ብላ መለሰች። እትዬ አበበችም በየስብሰባው ጨዋነት ከወይንሸት ተማሩ ይሉ ጀመር፤ እሷ ጥግ ይዛ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ኑሮዋን በእጅ መርፌ ትገፋለች፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፣ የተቀደደ የሽንኩርት ጆንያ ትሰፋለች። አዲስ ቀሚስ የሚያሰፋ ሰው በበረንዳዋ አጠገብ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ሌላ ሰፊ ያልፋል። የብረት እግሩ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ማስቀመጫ ሆነ።

ጉም ወደዚህ ቤት የገባው በዚያው በስደቱ ሰበብ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ወር ያስጠለለቻት ዮርዳኖስ የምትባል ደግ ሴት፣ ስትሰነባበታት አንድ ቡችላ ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት። ግራጫ ነው፤ ጠጉሩ እንደ በግ ጠጉር ችምችም ያለ ነው። ወይንሸት በመንገድ ሁሉ ጉያዋ ውስጥ አድርጋ አመጣችው፤ ጣርማ በርን ሲወርዱ ጉሙ መኪናውን ሸፍኖት ነበርና ጉም አለችው። ሊያ አግብታ ከራቀች ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፅዋን ሲሰማ የሚነሣ ሌላ ፍጡር የለም።

መቆፈር ልማዱ ነበር። ግንቦት ላይ፣ የይፋት ቆላ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያጮኸው፣ ከቤቱ ጀርባ ፓፓያው ሥር ይቆፍርና ይተኛል፤ እሷም ጉዳዬ አትልም ነበር። ዘንድሮ ግን ፓፓያው ደረቀ። ጉም ግቢውን ዞረ፣ አሸተተ፣ ሦስት አራት ቦታ ጫረ፤ በመጨረሻም መጥቶ ከማንጎው ሥር ቆመ።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያየች ዕለት ወይንሸት ወደ አጥሩ ዞራ አየች። የዘይቱ ሽታ ነው ብላ አሰበች። ያውቃል፤ የደበቅሁትን ነው የሚፈልገው አለች በልቧ። ጉድጓዱን በእግሯ ደፍና ድንጋይ ጫነችበት። ጉም ድንጋዩን እንደ ኳስ አንከባለለው። በርበሬ ነሰነሰች፤ ሲያስነጥስ ዋለና በሌላ በኩል ዞሮ ቆፈረ። የግራር እሾህ ከመረች፤ ሦስት ቀን ሠራላት፣ በአራተኛው ቀን እሾሁ የእሷኑ ተረከዝ ወጋ። እትዬ አበበች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ውሻ ደጅ ሲቆፍር ደግ አይደለም፣ የሚቀበር ሰው አለ ማለት ነው ሲሉም ነገሯት። የሚቀበር ሳይሆን የሚወጣ ነገር እንዳለ እሷ ታውቃለች።

ጭቃ ይጠላ ይሆናል ብላ ደግሞ ውኃ ጀመረች። ጠዋት አንድ ጀሪካን፣ ቀትር ላይ አንድ ጀሪካን ታፈስሳለች። ጉም ግን ውኃውን ሲያይ ጅራቱ አያርፍለትም። እሷ ባዶውን ጀሪካን ይዛ ዞር ስትል ቆፍሮ፣ ሆዱን እርጥቡ አፈር ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ታገኘዋለች። ይኸው ያሸትታል ትልና ደግማ ታፈስሳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

በመጨረሻ አሰረችው። ጉም ከታሰረበት ቀን ጀምሮ አፉን አልዘጋም። እትዬ አበበች መጡና፣ «ወይንሸት፣ ወይ እሱን ፍቺው ወይ እኔን እሰሪኝ» አሏት።

ፈታችው፤ ግን በዚያኑ ቀን ቁርጥ ሐሳብ አደረገች። መስፍን የሚባል የሰፈሩ ልጅ በአይሱዙ ሽንኩርትና ማንጎ ወደ ደብረ ብርሃን ያመላልሳል። ቅዳሜ ሲወጣ ጉምን ጭኖ ለዮርዳኖስ እንዲያደርስላት ለመነችው፤ እሺ አላት። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ወይንሸት ጉምን ትክ ብላ ማየት ተወች። እህሉን ታስቀምጥለትና ፊቷን ታዞራለች።

የዓርብ ዕለት ከጁምዓ መልስ ጋሼ ሱሌይማን ጆንያ ሊያሰፉ መጡ። ጋሼ ሱሌይማን ከከተማው በታች ሜዳው ላይ ሽንኩርትና ማሽላ የሚያርሱ፣ ከአባት ከአያት ጀምሮ የይፋት ሰው የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ከካሳሁን ጋር ወዳጆች ነበሩ፤ ሰርክ የሚለብሱትን ጀለቢያ የሰፋችላቸውም ወይንሸት በዚያችው መኪና ነው። በርጩማ አንሥተው ወደ ማንጎው ጥላ ሲያመሩ ከፊታቸው ቀደመች። በረንዳው ይሻልዎታል አለቻቸው። በረንዳሽ ቆርቆሮ ነው ይጠብሳል ብለው ተቀመጡ።

ሦስተኛውን ጆንያ ስትሰፋ ጉም መጣ። ሽማግሌው የጀለቢያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው በርጩማቸውን ፈቀቅ አደረጉለት። ጉም አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ አፈሩን ወደ ኋላው ይረጨው ጀመር። ወይንሸት ጫማዋን ወረወረች። አልተመለሰም። ተነሥታ ደረቱን ይዛ ስትጎትተው፣ በአፉ የያዘው ነገር አብሮ ተጎተተ። የሰማያዊ ላስቲክ ጫፍ ነበር።

ጋሼ ሱሌይማን ላስቲኩን አዩ። ዓይናቸውን አንሥተው በረንዳው ላይ ሳፋ የተሸከመውን የብረት እግር አዩ። ከዚያም ወደ ጆንያው ተመለሱ። እሷ ውሻውን እንደታቀፈች መሬት ላይ ቀረች።

«ስንት ክንድ አውርደሽዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«አንድ ተኩል።»

«ለእህል ቢሆን ያንሳል።»

ሌላ ምንም አልጠየቁም። ወይንሸት ግን ሦስት ዓመት ተኩል የያዘችው ነገር በአንድ ጊዜ አመለጣት። ለእትዬ አበበች አዎ ማለቷን፣ እድሩን መመለሷን፣ በየሌቱ ጆሮዋን አስፋልት ላይ ጥላ ማደሯን እያቀላቀለች ነገረቻቸው። በመጨረሻም፣ ይኸው ይኼ ውሻ ምሥጢሬን አሸትቶ ሊያወጣብኝ ነው፣ ነገ ይሄድልኛል፣ ከዚያ ወዲያ እገላገላለሁ አለች።

«ይኼ ውሻ የማንንም ምሥጢር አያሸትትም» አሉ ጋሼ ሱሌይማን። «ጠጉሩን አታዪም? የደጋ ፍጥረት ነው፣ ተቃጥሎ ነው። ጥላ እዚህ ነው ያለው። ውኃውን በቀን ሁለቴ አንቺው ታፈስሺለታለሽ። ወላሂ እኔም ውሻ ብሆን እዚሁ ነበር የምቆፍረው።»

ወይንሸት ሊስቁባት መስሏት ፊታቸውን አየች። አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ውኃ ያሉት ቃል ቆይቶ የገባት። ሁለት ሳምንት፣ በቀን ሁለት ጀሪካን፤ ያ ሁሉ ውኃ የት ሄደ? ላስቲኩ ደግሞ ተቀድዷል። ጉምን ለቀቀችውና ዶማ ፍለጋ ሮጠች።

ስትቆፍር እጇ አላረፈም። ሽማግሌው ቀስ በይ ቢሏትም አልሰማች፤ በመጨረሻ ዶማውን ተቀብለው ጥቅሉን በእጃቸው አወጡት። ጥቅሉ ማንጎው ሥር ሲቀመጥ ከውስጡ ውኃ ተንቆረቆረ። ልትፈታው ስትል ጋሼ ሱሌይማን እጇን ያዟት።

«ትንሽ ይተንፍስ።»

ማሽላ በጉድጓድ የሚያስቀምጥ ሰው ልማድ ነው። የቆላ ገበሬ ጉድጓዱን ሲከፍት ወዲያው አይገባበትም፤ የታፈነው አየር እስኪወጣ ክፍቱን ትቶ ይጠብቃል።

«ብረት እኮ ነው ጋሼ።»

«ብረትም ቢሆን ከመሬት ነው የወጣው። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች፤ ተነሣች፤ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ጋሼ ሱሌይማን ጊዜውን ለማሳለፍ ያህል የራሳቸውን ነገሯት። በዚያ ኅዳር የሞላ የማሽላ ጉድጓድ በጭቃና በድንጋይ ደፍነው ነበር የሸሹት። ሲመለሱ ማንም አልነካውም። ከከፈትሁት ይታወቅብኛል፣ ደግሞ ክፉ ቀን ቢመጣስ እያሉ ሁለት ዓመት ተውት። ኋላ ላይ ልጃቸው ዘምዘም ጉድጓዱን ስትከፍተው ማሽላው ጠቁሮ፣ ተጋግሮ፣ ሽታው ለከብት እንኳ የማይሆን ሆኖ ተገኘ።

«ልጆቼ የእርዳታ ስንዴ ሲበሉ፣ እኔ ማሽላዬን ለምስጥ ስጠብቅለት ነበር» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ብረት እንደ እህል ቶሎ አይሞትም። በይ አሁን ፍቺው።»

የካፖርቱ ገበር ዘይት እንደጠጣ ነበረ፤ ከላይ ያለው ክፍል ጥቁረቱን ይዞ ወጣ። ከታች ግን ውኃ አቁሮ፣ የወርቅ ሐረጉ ግማሹ ተልጦ፣ ብረቱ ቀልቷል። ወይንሸት መዘውሩን ያዘች። አልዞረም። በሁለት እጇ ያዘችው። አልዞረም። የነጠላዋን ጫፍ አርጥባ ዝገቱን ትጠርግ ጀመር። እትዬ አበበች ያዩኛል የሚለው ሐሳብ በዚያ ሰዓት ፈጽሞ ከልቧ ጠፍቶ ነበር።

ጋሼ ሱሌይማን ነጭ ጋዝ ውስጥ ትደር አሉ፤ አንድ ቀን አይበቃትም፣ ሦስት ቀን። ጆንያቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ስለሰሙት ነገር ለሰው እናገራለሁ ወይም አልናገርም አላሉም። ማለት አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት የመስፍን አይሱዙ በር ላይ ጥሩንባ ነፋ። ወይንሸት እጇ እስከ ክንዷ ጋዝ እንደሆነ ወጣችና ውሻው አይሄድም አለችው።

«ኧረ እትዬ ወይንሸት፣ ለእሱ ብዬ ሁለት ሳጥን ማንጎ አውርጃለሁ እኮ» አለ መስፍን።

ማንጎውን መልሰው አብረው ጫኑ። ጉም ዶማው ጥሎት በሄደው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተዘርግቶ ነበር፤ ጥሩንባውም፣ ሰውም፣ ስሙ መጠራቱም አላስነሣውም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይንሸት እትዬ አበበች ቤት ሄደች። የምትለውን በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ስትደርስ ግን ሁሉም ጠፋት። መኪናዬ አልተወሰደችም፣ ቀብሬያት ነበር ብቻ አለች። እትዬ አበበች የያዙትን ሰሃን አስቀመጡ።

«ሦስት ጊዜ ለመንንሽ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ለሴቶቹ ሁሉ ከእሷ ተማሩ ብያለሁ። ምን ልበላቸው አሁን?»

ወይንሸትን ከራሷ ይልቅ ያሳዘኗት እትዬ አበበች ነበሩ፤ በሰው ፊት የሰጡትን ምስጋና በሰው ፊት መመለስ ቀላል አይደለም። ሴትዮዋ ሰሃኑን መልሰው አነሡና የከንፈራቸው ጥግ ተንቀሳቀሰ።

«ቀብር አለብኝ ብለሽ ለእድሩ ሳትነግሪ፣ ለብቻሽ ቀበርሽ። ይኼ በደንባችን ያስቀጣል።»

«እቀጣለሁ እትዬ።»

«ድንኳኑ አራት ቦታ ተቀድዷል። ዝናብ ሲጥል ለቀስተኛው ሁለቴ ነው የሚያለቅሰው። እሱን ትሰፊያለሽ፤ ለሴቶቹም እየሰፋሽ አንቺው ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መዘውሩ ሩብ ያህል ዞረ። ማክሰኞ ጠዋት እየጮኸ ሙሉውን ዞረ። ወይንሸት ሳፋውን አንሥታ የመኪናዋን ራስ በብረት እግሩ ላይ መለሰች፣ ዘይት አጠጣች፣ መርፌ ቀየረች። መኪናዋ ትሰፋለች፤ ከየዐሥሩ ስፌት አንዱን ትዘላለች እንጂ። የተላጠው ሐረግ አይመለስም። ዱሮ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ያ ለስላሳ ድምፅም ቀርቶ እንደ ሽማግሌ ሳል ያለ ነገር ሆኗል። ቢሆንም ድምፁ ሲሰማ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሁሉ ሥራውን ተወት አደረገ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። አንዳንዷ ሳቀች፤ አንዷ እኔስ ብታምኚኝ ምን ነበረ ብላ ተቀየመችና ሳትቀመጥ ሄደች። ወይንሸት ለእያንዳንዷ አንገቷን ሳትደፋ ነገረች። ሰማያዊውን ላስቲክ ግን አልጣለችውም። አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ከመርገጫው አጠገብ አስቀምጣዋለች። ስለ እሱ የጠየቃት ሰው የለም፤ ሁሉም ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለውና።

ሐሙስ ቀትር ላይ ለጉም ጉድጓድ አንድ ጀሪካን ውኃ አፈሰሰችና ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ሸራው ከባድ ነው፤ በአንድ እጇ ትገፋለች፣ በሌላው ትስባለች። የመጨረሻው ቀዳዳ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው መንገዱ ላይ ድምፅ ጠፋ። መጀመሪያ አላስተዋለችውም። ከዚያ እግሯ በራሱ ቆመ። አዳመጠች። አይሱዙ የለም፣ አውቶቡስ የለም፣ ባጃጅ እንኳ የለም። ዓይኗ ወደ ላስቲኩ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ማንጎው ሥር። ከጉድጓዱ በላይ የሚታየው የጉም ሁለት ጆሮ ብቻ ነው። አንደኛው ዝንብ ለማባረር ንቅንቅ አለና ተኛ።

ወይንሸት ሸራውን ወደ መርፌው አስጠጋች። አስፋልቱ ገና ዝም እንዳለ፣ መርገጫውን ረገጠች።